በፊደል የሚሰጥ ትእዛዝ ዘመኑ አላለፈም

የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ ገዝተው በሚያስተክሉ ሹማምንት ዘንድ፥ መሣሪያውን በሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዘንድ፥ ይልቁንም ለወጣት ባለሙያዎች ሥርዓተ ትምህርት በሚያዘጋጁ መምህራን ዘንድ አንድ አሳብ ያለ ተከራካሪ ነግሦ ይገኛል። አሳቡም የመሣሪያውን የኔትወርክ ቅንብር በትእዛዝ መስመር፥ ማለት በጥቁር መስኮት ላይ ፊደል እየጻፉ ማስተካከል፥ መሣሪያው ገና ጨቅላ በነበረበት ጊዜ በግድ የተለመደ ሥራ እንጂ ለዛሬ የሚያስፈልግ ዕውቀት አይደለም የሚል ነው። ዛሬ በጣት የሚነካ ማያ አለ፤ በኮምፒዩተር የሚከፈት ድረ ገጽ አለ፤ አድራሻ በራሱ የሚያድል ዲኤችሲፒ አለ፤ በሩቅ ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድር የክላውድ አገልግሎት አለ፤ እንግዲህ ወጣቱን በትእዛዝ ንባብ ማድከም ምን ይጠቅማል ይላሉ። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን አምናለሁ፤ ስሕተቱም በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን በሰው ኑሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ በዝምታ ማለፍን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በአገራችን ወረዳኔት የተባለው መረብ የፌዴራልን፥ የክልልንና የወረዳን መሥሪያ ቤቶች በምስልና በድምፅ ማገናኘት ከጀመረ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሆኖታል፤ ሕዝቡ በተለምዶ ፕላዝማ በሚለው በዚህ መሣሪያ ስብሰባ ይካሄዳል፥ መመሪያ ይወርዳል፥ ዳኞች አዲስ አበባ ተሰይመው በክልል ከተማ የቆመውን ባለጉዳይ ቃል ይሰማሉ። ከገጠር ቀበሌው ተነሥቶ ለመንገዱ ተበድሮ፥ ለቀጠሮው ቀን ደርሶ በአዳራሹ በር የቆመ ገበሬ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ሲሰጠው፥ ይህ ቃል የሚሸፍነው ነገር ሁልጊዜ የመሥመር መቋረጥ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መሥመሩ አለ፤ መብራቱም አለ፤ መሣሪያውም ደኅና ነው፤ የታጣው ከመሣሪያው ጋር ተነጋግሮ የጎደለውን አንድ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ነው።

የቪዲዮ ስብሰባ ከኔትወርክ ጋር የተጣበቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ኤች 320 በተባለው ደንብ ሲሠራ በነበረበት ዘመን መሣሪያው የሚደዋወለው በአይኤስዲኤን የስልክ መሥመር ነበርና፥ የተከላው ትልቁ ጭንቀት የስልክ ቁጥሮቹን በትክክል ማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤች 323 ሲወጣ፥ በ2002ም ሲፕ የዛሬ መልኩን ሲይዝ፥ መሣሪያው ከስልክ ወገን ወጥቶ ከኮምፒዩተር ወገን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮዴክ የሚባለው ይህ ዕቃ የራሱ አይፒ አድራሻ፥ የራሱ ሰብኔት ማስክ፥ መውጫ በሩን የሚያሳየው ጌትዌይ፥ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉምለት ዲኤንኤስ ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ከስዊቹ ጋር በምን ፍጥነት እንደሚነጋገር፥ በየትኛው ቪላን፥ ማለት በየትኛው የመረብ ክፍል እንደሚቀመጥ፥ ምስሉ ከሌላው ጭነት ቀድሞ እንዲያልፍ ምን ምልክት እንደሚለጠፍበት፥ የሚልከው እሽግ ከምን መጠን እንዳይበልጥ መወሰን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተሳሳተ የሺህ ዶላሩ ካሜራና የግድግዳ ያህሉ ማያ ግዑዝ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

ድረ ገጽ ይበቃል ለሚሉት የመጀመሪያው መልሴ ቀላል ነው። ድረ ገጹን ለመክፈት የመሣሪያው አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻውን ለመስጠት ግን ድረ ገጹ መከፈት አለበት። መሣሪያው አድራሻውን ባጣበት ወይም የሌላ መረብ አድራሻ ይዞ በተገኘበት ቀን፥ ማለት ባለሙያ እጅግ በሚፈለግበት በዚያው ቀን፥ ድረ ገጹ የለም። ያን ጊዜ የሚቀረው ከመሣሪያው ጀርባ የሚሰካው የኮንሶል ኬብል ነው፤ በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ የሲስኮ ኮዴኮች ላይ ፍጥነቱን 115,200 አድርጎ፥ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ፥ «ኤክስ ኮንፊጉሬሽን ኔትወርክ 1 አይፒቪ4 አሳይንመንት ስታቲክ» ብሎ መጻፍ፥ ቀጥሎ አድራሻውን፥ ቀጥሎ ማስኩን፥ ቀጥሎ ጌትዌዩን በየመሥመራቸው ማስፈር፥ በመጨረሻም መሣሪያውን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ሥራው ሁሉ ከአምስት ወይም ከስድስት መሥመር አይበልጥም። የፖሊኮም ኤችዲኤክስ መሣሪያዎችም በዚሁ መንገድ በሲሪያል በራቸው ወይም ቴልኔት በተባለው የሩቅ ትእዛዝ መንገድ በ24ኛ በር ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር፤ አድራሻው፥ ማስኩ፥ ጌትዌዩ፥ የስዊቹ በር ፍጥነት እያንዳንዱ የራሱ አጭር ቃል ነበረው።

በእርግጥ በቴሌቪዥኑ ላይ በሪሞት የሚገላበጥ ዝርዝር፥ በጠረጴዛውም ላይ በጣት የሚነካ ማያ አለ ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ ለአዳራሹ ቅርብ ለሆነ ሰውም ይጠቅማል። ነገር ግን ባለሙያው በክልሉ ዋና ከተማ፥ መሣሪያው በወረዳ በሆነ ጊዜ፥ በስልክ «ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ ተጫን፤ አሁን ምን ይታይሃል? አይደለም፥ ተመለስ» እየተባባሉ በጨለማ ከመደናበር፥ አንዲቱን መሥመር በጽሑፍ ልኮ «ይህን ጻፍና የመለሰልህን ላክልኝ» ማለት ምን ያህል የሚያሳርፍ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

የሳተላይትን ነገር ደግሞ ችላ ማለት አይቻልም። የወረዳኔት ብዙ ጣቢያዎች በሳተላይት የተገናኙ ነበሩ፤ ዛሬም ፋይበር ያልደረሰበት ሥፍራ ሳተላይትን ተስፋ ሊያደርግ ይችላል። ከምድር ወገብ በላይ የሚቆመው ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አንድ ጥያቄና መልሱ ይህን ርቀት አራት ጊዜ ስለሚያቋርጡ፥ ሌላ መዘግየት ሳይጨመርበት በብርሃን ፍጥነት ብቻ ግማሽ ሴኮንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያልፋል። የመሣሪያው ድረ ገጽ ለመከፈት ይህን መመላለስ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ለመገናኘት፥ ቀጥሎ ምሥጢራዊውን ቁልፍ ለመለዋወጥ፥ ቀጥሎ ሥዕሎቹንና የገጹን ልዩ ልዩ ክፍሎች አንድ በአንድ ለማምጣት። መሥመሩ በተጨናነቀ ጊዜ ገጹ በከፊል ተከፍቶ ይቆማል፥ ባለሙያውም «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ይነካና ተቀምጦ ይሁን ሳይቀመጥ ይቅር ሳያውቅ ይጠብቃል። ኤስኤስኤች በተባለው የተመሠጠረ መንገድ የምትላከው ትእዛዝ ግን ጥቂት ደርዘን ፊደላት ብቻ ናት፤ ትሄዳለች፥ ትደርሳለች፥ መሣሪያውም ተቀብሎ እንደ ሆነ ወዲያው በጽሑፍ ይመልሳል። ለሰፊው መሥመር ባለቤት ልዩነቱ የምቾት ነው፤ ለጠባቡ መሥመር ባለቤት ግን የመሥራትና ያለመሥራት ልዩነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልተነትነው የምፈልገው፥ ማያው «ተገናኝቷል» እያለ ስብሰባው የማይሆንበትን ደዌ ነው። ከእንዲህ ያሉት ደዌዎች አንዱ የዱፕሌክስ፥ ማለት በአንድ ጊዜ የመናገርና የመስማት ሥርዓት፥ አለመስማማት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጣን ኢተርኔት ደንብ ከወጣ ወዲህ መሣሪያውና ስዊቹ ፍጥነታቸውን ተነጋግረው እንዲወስኑ ተፈቅዷል። ነገር ግን አንድ ጠንቃቃ ነኝ ባይ ስዊቹን በ100 ሜጋቢት ሙሉ ዱፕሌክስ ላይ አስሮ፥ ኮዴኩን በአውቶ ላይ ትቶት ከሄደ፥ ኮዴኩ ከሚሰማው ምልክት ፍጥነቱን ብቻ ያውቃል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ፥ ደንቡ እንደሚያዝዘው ግማሽ ዱፕሌክስ አድርጎ ይይዛል። ከዚህ በኋላ ስዊቹ በፈለገው ጊዜ ይናገራል፥ ኮዴኩ ደግሞ ሌላው ሲናገር መናገር ነውር ነው ብሎ ያቋርጣል፤ እሽጎች ይጋጫሉ፥ ይጠፋሉ። አሳቻው ነገር ይህ ነው፦ በፒንግ ሲሞከር ሁሉም ደኅና ይመስላል፥ ምክንያቱም ፒንግ ጥቂትና ትንንሽ እሽግ ብቻ ይልካል። ስብሰባው ተጀምሮ ምስል በሁለቱም አቅጣጫ ሳያቋርጥ መፍሰስ ሲጀምር ነው ፊት የሚበጣጠሰው፥ ድምፅም የሚንተባተበው። ሰዉም «ኔትወርኩ ደከመ» ይላል፤ ቴሌን ይወቅሳል፤ ተጨማሪ ሜጋቢት እንዲገዛ ደብዳቤ ይጻፋል። በኮዴኩ ላይ «ኤክስ ስታተስ ኔትወርክ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ከሚመለሱለት መሥመሮች መካከል «100 ሃፍ» የሚለውን ያነባል፤ ደዌው ተገለጠ፤ መድኃኒቱም ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት ማድረግ፥ ቢቻል ሁለቱንም በአውቶ ማድረግ ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ደዌ ከዚህ ይረቅቃል። በስልክ ጥራት የሚላክ ድምፅ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ 160 ባይት ሲሆን፥ የመንገድ ምልክቶቹ 40 ባይት ተጨምረውበት 200 ባይት ያህል ይሆናል። የምስል እሽግ ግን የኢተርኔት ወሰን እስከሆነው እስከ 1,500 ባይት ድረስ ሊደርስ ይችላል። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው መንገድ በጂአርኢ ዋሻ ውስጥ ካለፈ ወሰኑ ወደ 1,476 ዝቅ ይላል፤ ምሥጢር የሚሸፍነው አይፒሴክ ከታከለበት ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። እንግዲህ ትልቁ እሽግ እንዳይቆራረጥ ምልክት ተደርጎበት ከመጣ ራውተሩ ይጥለዋል፤ «ትልቅ ነህና ቀንስ» የሚለውንም መልእክት ይልካል፤ ነገር ግን ፋየርዎሉን የተከለው ሰው ከልክ ባለፈ ጥንቃቄ እንዲህ ያለውን መልእክት ሁሉ ከልክሎ ከሆነ፥ ላኪው ምንም ሳይሰማ ትልቅ ትልቁን መላኩን ይቀጥላል። የሚታየው ውጤት፦ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፥ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ስለዚህ «ካሜራው ተበላሽቷል» ተብሎ ይፈረዳል፤ ካሜራ ይለወጣል፤ አዲሱም ካሜራ እንደ አሮጌው ጥቁር ያሳያል። የእሽጉን ወሰን ለመቀነስ በትእዛዝ መስመር «ኔትወርክ 1 ኤምቲዩ 1400» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ በአንዲት መሥመር ለካሜራ የሚወጣውን የውጪ ምንዛሪ ሊያድን ይችላል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተከራካሪ፥ «ይህ ሁሉ በድረ ገጹም ላይ አለ» ሊለኝ ይችላል፤ እውነቱን ነው፥ በብዙ መሣሪያ ላይ አለ። ነገር ግን በጣት መንካት ብቻ የተማረ ሰው ወደዚያ ገጽ አይደርስም፤ ቢደርስም ስሙን አያውቀውም። ከዚህም የሚበልጠው ምክንያት፥ በድረ ገጽ የተደረገ ነገር አለመጻፉ ነው። ባለሙያው ሦስት ሣጥን ምልክት አድርጎ፥ ሁለት ቁጥር ለውጦ፥ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ምን እንዳደረገ ራሱ አያስታውስም፤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ጊዜም ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። በትእዛዝ የሠራ ሰው ግን ሥራው ራሱ ጽሑፍ ነው። ዐሥራ ሁለት መሥመር የሞላ አንድ ቅጠል ወረቀት በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ተተኪው ያነበዋል፤ አለቃው ይመረምረዋል፤ ለሚቀጥለው ወረዳ አድራሻው ብቻ ተለውጦ ይገለበጣል። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን ሲያስገለብጡ ጽሑፉን ከአብነቱ ጋር ፊደል በፊደል እያነጻጸሩ ያርሙ ነበር፤ የሚታረምም የሚወረስም የተጻፈ ነገር ነውና። የመቶ ወረዳ መሣሪያ ቅንብር በጽሑፍ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ከመቶው የትኛው ከአብነቱ እንደ ወጣ ለማወቅ መቶ አዳራሽ መዞር አያስፈልግም፤ ጽሑፎቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ይበቃል።

ትእዛዝ አርጅቷል የሚለው ቃልም በታሪክ ሲፈተን አይጸናም። ታንድበርግ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በሲስኮ ተገዛ፤ ስሙ ከመሣሪያዎቹ ፊት ተፋቀ፤ ድረ ገጹም፥ ማያውም፥ የቁልፎቹ ሥፍራም በየጊዜው ተለዋወጠ። ታንድበርግ ያወጣቸው «ኤክስ ኮንፊጉሬሽን»፥ «ኤክስ ስታተስ»፥ «ኤክስ ኮማንድ» የተባሉት ሦስት ሥሮች ግን በሲስኮ አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ፖሊኮምም እ.ኤ.አ. በ2018 በፕላንትሮኒክስ፥ እርሱም ፖሊ ተብሎ በ2022 በኤችፒ ተገዝቷል፤ በየሽግግሩ የሥልጠና መጽሐፉ ሥዕል ሁሉ ዋጋ አጥቷል። እንግዲህ ለወጣቱ የትኛውን ማስተማር ይሻላል? በሚቀጥለው ዓመት ሥፍራውን የሚለውጠውን ቁልፍ ነው ወይስ የኩባንያው ስም ሲለወጥ እንኳ ያልተለወጠውን ቃል?

ስለ ደኅንነት የሚነሣው ተቃውሞ በክብር ሊመለስለት የሚገባ ነው። የትእዛዝ መስመር ለሌባ በር ይከፍታል ይባላል። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በመሥመሩ ላይ ስለሚያሳልፍ፥ መዘጋቱ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ኤስኤስኤች ግን ይህን ክፍተት የደፈነ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ደንቡ ጸድቆ የወጣ መንገድ ነው። ሌባ ብዙ ጊዜ የሚገባው መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ በያዘው ባዶ ወይም ሁሉ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው፤ ይህ ደግሞ የድረ ገጹም በር ነው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ማስቀመጥ ሲቻል ኤስኤስኤችን ጨርሶ ዘግቶ ድረ ገጹን በደካማ ቃል ክፍት መተው፥ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ የተገላቢጦሽ ጥንቃቄ ነው።

አንዲት የተሳሳተች ፊደል መሣሪያውን ከሩቅ ትቆርጣለች የሚለውም እውነት ነው፤ በተሳሳተ ጌትዌይ የተነሣ ተቆርጦ የቀረ ኮዴክ ከሩቅ በድረ ገጽም ሆነ በኤስኤስኤች አይመለስም። ይህ ግን የትእዛዝ መስመር ልዩ ኃጢአት አይደለም፤ በድረ ገጽ የገባ የተሳሳተ ቁጥርም እንዲሁ ይቆርጣል። ልዩነቱ በጽሑፍ የተዘጋጀ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ለሁለተኛ ዓይን ሊታይ መቻሉ ነው፤ ስሕተቱ ከደረሰም በኋላ የማዳኛው መንገድ ያው የኮንሶል ኬብል ነው።

ክላውድ ሁሉን ያስተካክላል ለሚሉት ደግሞ፥ ክላውዱ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው መሣሪያው ወደ እርሱ ከደረሰ በኋላ መሆኑን አስገነዝባለሁ። ለመድረስ አድራሻ፥ ጌትዌይና ዲኤንኤስ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛ ሰዓትም ያስፈልጋል፥ ምክንያቱም ቀኑ የተሳሳተ መሣሪያ የክላውዱን የምስክር ወረቀት ጊዜው አልደረሰም ወይም አልፏል ብሎ ይክደዋል። እነዚህን የሚያስገባው በአዳራሹ ያለ ሰው ነው፤ ክላውድ ሊደርስበት የማይችለውን መሣሪያ ክላውድ አያድነውም።

የዲኤችሲፒን ጥቅም አልክድም፤ ለመቶ ላፕቶፕ አድራሻ በእጅ ማደል ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ ሌሎች ፈልገው የሚደውሉለት ዕቃ ነው፤ በፋየርዎል ላይ በአድራሻው የተከፈተለት መንገድ አለ፥ ጥሪን በሚያስተናግደው በጌትኪፐርና በአድራሻ መዝገብ የተጻፈለት ሥፍራ አለ። በየጊዜው አድራሻው ቢለዋወጥ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። በዲኤችሲፒ ሰርቨር ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ይቻላል፥ መልካምም ነው፤ ሰርቨሩ በሞተ ቀን ግን በእጅ የተጻፈ አድራሻ የያዘው መሣሪያ ይሠራል፥ ሌላው የተሰጠው አድራሻ ጊዜው ሲያልቅ ቆሞ ይጠብቃል።

በመጨረሻ የሚቀርበው፥ «ልጆቻችን ይህን አይችሉም፤ ይከብዳቸዋል» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። የሚፈለገው ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቃል ነው፤ ቃላቱም በየዕለቱ ከአፋቸው የማይጠፉት አድራሻ፥ ማስክ፥ ጌትዌይ የሚባሉት ናቸው። የሂሳብና የፊዚክስን ቀመር በቃሉ ይዞ ፈተና ያለፈ ወጣት ይህን አይችልም ማለት፥ እርሱን ከመናቅ በቀር ሌላ ትርጉም የለውም፤ የንቀቱም ዋጋ በየዓመቱ ለጥገና ውል የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ውስጥ የሚከተለው አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ። አቅራቢው የእያንዳንዱን መሣሪያ የኔትወርክ ቅንብር በተነባቢ ጽሑፍ፥ ትእዛዝ በትእዛዝ አስፍሮ ያስረክብ፤ የኮንሶል ኬብሉም ከመሣሪያው ጋር ይቆጠር፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በመሥሪያ ቤቱ እንጂ በነጋዴው እጅ አይቅር። በርክክቡ ቀን መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለስ፤ የአቅራቢው መሐንዲስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ፤ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሠራተኛ ኬብሉን ሰክቶ፥ ጽሑፉን ከፊቱ ዘርግቶ፥ ቅንብሩን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው ያስገባ፤ ከሌላ ወረዳም ጋር በምስልና በድምፅ ይገናኝ። ይህ ሳይሆን የርክክብ ሰነድ ላይ ፊርማ አይኑር።